በእኛ አቆጣጠር

መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላፕቶፕ ገዛሁ ልበል? አልገዛሁም፤ ተገዛልኝ። ልጄ ሊዲያ ሆቴል ከምትሠራበት ከጁባ ሆና፣ ሳሪስ ሱቅ ላለው ለረሻድ ከፍላለት፣ እኔ ዛሬ ከኮዬ ፈጬ ታክሲ እየቀያየርኩ ሄጄ ተቀበልኩ። ቀላል ነገር ነው፤ ብብቴ ሥር ገባ። ዕድሜዬን አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ስጠግን ለኖርኩት ሰውዬ ይህን ሲሰጡኝ፣ ከየት በኩል ይፈታል ብዬ ብሎን ፈለግኩ።

ረሻድ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችኩል መሆኑ ነው እንጂ። ማሽኑን አማርኛ እንዲያወራ አደረገው፤ ሲም ካርድ የሚገባባትን ትንሿን የኢንተርኔት ሣጥን አገናኘልኝ። ከዚያ ደወለና የልጄ ፊት መጣ። እናቷን ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ ፊቷን አላየሁትም ነበር። ሞላ ብላለች። ብድግ ብላ ወደ ጎን ዞረችና ሆዷን ስታሳየኝ፣ ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አብሮኝ አየ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

"ሚያዝያ ውስጥ ነው አባዬ" አለችኝ። "የሕፃኑን ስም አንተ ነህ የምታወጣው። ፊቱን ሳታይ ግን አይሆንም፤ እኛ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ላፕቶፑን የገዛሁልህ ለዚህ ነው።"

አውቃለሁ። እኛ ቤት ስም የሚወጣው ፊት ታይቶ ነው። አባቴ የእኔን እንዲያ ነው ያወጣው፤ እኔም የእሷን። በስልክ የተነገረ ፊት ፊት አይደለም። ጉልበቴ ጁባ ስለማያደርሰኝ ይህ ማሽን ያደርሰኛል። እሷና ባሏ ቀነኒሳ እስከ ክርስትናው እንጠብቅሃለን ብለዋል።

ልወጣ ስል አንድ ነገር አየሁ። ማሽኑ ጥግ ላይ ቀንና ሰዓት ጽፏል፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለረሻድ አሳየሁት።

"ፋዘር፣ እሱ በፈረንጅ ነው የሚሄደው። ይተዉት፣ ምንም አይነካኩት!"

አይነካኩት! ለእኔ!


ሚያዝያ 2

ነካካሁት።

ቀኑ የተጻፈበትን ስጫን ስጫን ቆይቼ ቀንና ሰዓት መቀየሪያውን አገኘሁ። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን አጠፋሁት፤ እኔ እያለሁ ለምን ይደክማል? ዓመቱን 2017 አልኩት። ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ስለሆነ ወሩን ስምንት አልኩት። "ኦገስት" ብሎ ጻፈ። ይጻፍ። ቁጥሩ ልክ ይሁን እንጂ ስሙን እንደፈለገው ይጥራው። ቀኑን ሁለት፣ ጠዋት ስምንት ይል የነበረውን ሰዓት ደግሞ ሁለት አደረግኩት። በእኔ ቤት የሚኖር ዕቃ የቤቱን ዓመት ይቁጠር።

ባለቤቴ አቻምየለሽ ብትኖር "አንተ በሰላም የተቀመጠ ነገር አይተህ አታልፍም" ትለኝ ነበር። ይህን ኮንዶሚኒየም ተመዝግባ የጠበቀችው እሷ ናት፤ ዕጣውም የወጣው በእሷ ስም ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምቀመጥበት ግን እኔ ነኝ።


ሚያዝያ 4

ዛሬ ልትደውል ነበር። ማሽኑን ከፍቼ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። እኔ ልደውል ብዬ መደወያውን ስነካው አንድ ቀይ ምልክት ወጣና "ግንኙነትዎ የግል አይደለም" አለኝ። ከእኔና ከግድግዳው በቀር ማንም የለ፤ ከዚህ በላይ የግል ምን ይመጣል?

ሥራ በዝቶባት ይሆናል።


ሚያዝያ 7

ያው። የግል አይደለም ይላል።


ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

በሁለት እንቁላል ገደፍኩ። ዶሮ ማን ይሠራል? ከታች ሱቅ ያላት የስልጤዋ ሐጀራ ልጇን ልካ "እንኳን አደረሰዎ" አስባለችኝ። የብሎኩ ሰው ሁሉ ዘመዱ ጋ ሄዶ ደረጃው ጭር ብሏል። ማሽኑን ከፍቼ ዋልኩ። ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ፤ "ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል" አለኝ። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ነው። ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን አየሁ፤ እሱም ልክ ነው። ሁለት ምስክር አለኝ፤ ማሽኑ አንድ ነው።

አገሬ መጥቶ፣ በእኔ መብራት እየሠራ፣ የእኔን ዓመት አልቀበልም የሚል ዕቃ አይቼ አላውቅም።


ሚያዝያ 20

ወለደች!

ስልኬ ጮኸ፤ በዚህች ባለ ቁልፍ ስልኬ። ቀነኒሳ ነው። "አባባ፣ ተገላገለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው!" አለኝ። ከኋላው እልልታው ቀለጠ። ጆሮዬን የሽመና ክፍል ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁት፤ እልልታ ግን ይሰማኛል። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው የሚባለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ስቆጥር መስመሩ ተቋረጠ። ከሦስት አለፈ እኮ! ሌላ ምን ሊሆን ነው? ወንድ ነው።

ወርጄ ለሐጀራ ነገርኳት። "አልሐምዱሊላህ! አባባ ተክሌ አያት ሆኑ!" ብላ ለስላሳ ከፈተችልኝ። ቆሜ ጠጣሁና የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለ ተመልሼ ወጣሁ።

ፊቱን ሳላይ አልናገርም እንጂ በልቤ ስም አለኝ፤ ዘአማኑኤል። ፊቱ እምቢ ካለ እቀይራለሁ።


ሚያዝያ 26

አሁንም አልደወለችም። ሌሊትና ቀን ክፍት ነው። "ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል።" ሰማሁ አልኩት።


ግንቦት 1

ይህ ማሽን ጭራሽ ዛሬ ሠላሳ አንደኛው ቀን ነው ብሎ ተነሣ። ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን ከየት አመጣ? ዛሬ ግንቦት አንድ ነው፤ ልደታ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጥቻለሁ። በእጄ ወደ ዘጠነኛ ወር ገፋሁት። ካልገፉት የማይሄድ ሠራተኛ ፋብሪካ ውስጥም ነበረን።


ግንቦት 6

ምን አፌን ነካኝ?

ሊዲያ በስልክ ደወለች። ድምፅዋ የደከመ ነው። "አባዬ፣ ለምንድን ነው የማትከፍተው?" አለች።

"እኔ ነኝ የማልከፍት? ቁጭ ብዬ የምጠብቅሽ እኔ አይደለሁም?"

"በየቀኑ እየደወልኩልህ ነው። ፎቶ ላኩልህ፣ ጻፍኩልህ፣ አንዱንም አላየኸውም። ልጄን ማየት አትፈልግም?"

"መደወል ካልፈለግሽ አልፈልግም በይኝ። በዕቃ አታባብዪኝ!"

ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁ ነው። ከዚያ "እሺ አባዬ" ብላ ዘጋች።

እሷ በየቀኑ እየደወለች ከሆነ እዚህ ለምን አይጮህም? እየዋሸችኝ ነው ብዬ ነው የተቆጣሁት። አሁን ተቀምጬ ሳስበው ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም። ያኔ ግን አላሰብኩም። በዕቃ አታባብዪኝ! ለአራስ የሚባል ነገር ነው ይሄ?


ግንቦት 7

ደወልኩላት። አይጠራም።


ግንቦት 10

ደወልኩላት። አይጠራም። ካርዱ አለቀ።


ግንቦት 15

ዳቦ ልገዛ ወርጄ ከሱቁ ውጭ ቆሜ ሳለ፣ ውስጥ አንዷ ሴትዮ ለሐጀራ ስታወራ ሰማሁ። "አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ብቻቸውን ያወራሉ እኮ፤ በሩ ላይ ሳልፍ ሲቆጡ ሰማሁ" አለቻት።

"ከልጃቸው ጋር ነው የሚያወሩት" አለች ሐጀራ። "ላፕቶፕ ልካላቸዋለች።"

ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ከማሽኑ ጋር ነበር የምጣላው። ሐጀራ ግን ከልጄ ጋር የማወራ መስሏታል፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ብዬ የነገርኳት። "ሕፃኑ እንዴት ነው?" ባለችኝ ቁጥር "አያቱን ቁርጥ!" እላታለሁ።


ግንቦት 29

ዛሬ አርባው ነው። ክርስትናው ነው።

ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ታጠብኩ። ነጠላዬን አደረግኩ። ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ ፊቴ በደንብ እንዲታይ ማሽኑን በሁለት መጽሐፍ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። የኢንተርኔት ሣጥኗ መብራቷ ይበራል። ትናንት ካርድ ሞልቼላታለሁ። ልጄ ብትቆጣም በዚህ ቀን አትጨክንም ብዬ ነው። ስሙን ስጠራ ድምፄ እንዳይደናቀፍ ለብቻዬ ሞከርኩት። ዘአማኑኤል። ዘአማኑኤል ቀነኒሳ።

ከመስኮቱ በታች ቃሊቲ የሚሄዱት ሰዎች አውቶቡስ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ወሰዳቸው፣ ሌሎች ተሰለፉ። ከብሎኮቹ ማዶ ያልታጠረው መሬት ላይ አንድ ሰው በበሬ ያርስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሄዱትም ተመለሱ። አሁን ውኃው ውስጥ ነከሩት፣ አሁን አቆረቡት፣ አሁን ቤት ገቡ እያልኩ ቆየሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

ስሙን ሌላ ሰው አወጣው። የቀነኒሳ አባት ይሆናሉ። ጥሩ ሰው ናቸው። ይሁን።

ማሽኑን አልዘጋሁትም። "ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል" እንዳለ ባትሪው አልቆ ራሱ ጠፋ። አለቀስኩ፤ ማን ያየኛል?


ሰኔ 3

ዝናብ ጀመረ። ማሽኑ የመጣበት ካርቶን ውስጥ ነው።


ሰኔ 12

ለረሻድ ልመልሰው ይዤው ሳሪስ ሄድኩ። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሥር ዝናብ ተጠልዬ አየሁት፤ ለአንዲት ሴት ስልክ እያሳየ ይስቃል። ገብቼ ምን ልበለው? "አልሠራም አለኝ" ብለው "ፋዘር፣ ምን ነካኩ?" ይለኛል። ምንም አልነካሁም ብል ውሸት ነው፤ ነካካሁ ብል ደግሞ እሺ፣ ይሳቅብኝ። የሳቀው ይሳቅ ብዬ መንገዱን መሻገር ጀመርኩ። መሐል ስደርስ እግሬ ወደ ታክሲው አዞረኝ።

በእርጥብ ኮት ተመለስኩ። ማሽኑ ደረቅ ነው፤ ኮቴን ለእሱ ነው የሰጠሁት።


ሰኔ 25

አውጥቼ ከፈትኩት። ቀኑ ልክ መሆኑን አየሁለት። ልማድ ሆኖብኝ ነው። የግል አይደለም ይላል። ልክ ብለሃል አልኩት።


ሐምሌ 3

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ለሻይ የዱቄት ወተት ልገዛ ወረድኩ። ሐጀራ ቆርቆሮውን ስትሰጠኝ እንደ ልማዴ ገልብጬ የሚያልፍበትን ቀን አየሁ። 2026 ይላል።

"ሐጀራ፣ ይሄ ወተት እኔን ቀብሮ ነው የሚያልቀው" አልኳት፣ ለቀልድ።

"ኧረ ምን ሆነዋል አባባ! በፈረንጅ ነው እኮ፤ ስድስት ሰባት ወር ቢቀረው ነው። ዕቃ ሁሉ በፈረንጅ አይደል የሚቆጥረው?"

ይህን የማያውቅ ማን አለ? እኔም አውቃለሁ። እያወቅኩ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ እግሬ ቆመ።

ፋብሪካ ሳለሁ አንድ ማሽን ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የማየው ጎኑ ላይ የተመታችውን ብረት ነበር፤ የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ። ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ አላየሁትም፤ ስለናቅኩት ነው። ገብቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ መነጽር አላስነብብ ስላለኝ የአቻምየለሽን ከመሳቢያ አወጣሁ። የተሠራው በ2023 ነው።

እኔ ያስቀመጥኩት 2017 ላይ ነው፤ ማሽኑ ገና ባልተሠራበት ዓመት። ከመሠራቱ በፊት አስቀምጬው ደውል እለዋለሁ! "ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል" እያለ ሲለምነኝ ከረመ።

ከዚያ ሂሳቡን ሠራሁ። እሱ ኖቬምበር 2017 ይላል። ይህ በእኛ ጥቅምት 2010 ነው። ጥቅምት 2010 ላይ እኔ አቃቂ ነኝ፤ በቆርቆሮው ቤት። ጧት ወደ ፋብሪካ ስወጣ አቻምየለሽ ደጃፉ ላይ ቆማ "ጣሪያው ሳይስተካከል ሌላ ክረምት እንዳይመጣብኝ" ትለኛለች። አልታመመችም። ሊዲያም አልሄደችም። ሦስታችንም አለን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ያ ዓመት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ቀኑን ልቀይረው እጄን ዘረጋሁና መለስኩ። ለዛሬ አልነካካውም። አንድ ማታ ብቻ ይቆይ።


ሐምሌ 4

ጠዋት ቀየርኩት። የግድግዳው ካሌንደር ላይ የፈረንጁ ቁጥር በየቀኑ ጥግ በትንሹ ተጽፏል፤ እሱን እያየሁ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን አስገባሁ። ሰዓቱንም መለስኩለት። በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውንም መልሼ አበራሁት። ይድከም።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ማሽኑ እየጮኸ ያወርደው ጀመር፤ ማቆሚያ የለውም። ሁሉም ከሊዲያ ነው። በላከችበት ቅደም ተከተል አነበብኳቸው።

"አባዬ ሴት ናት!!"

ሴት። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ቀይ፣ የተጨማደደች፣ ዓይኗን የጨፈነች።

"አየሃት? እማዬን ትመስላለች ይላሉ።"

"አባዬ ደውዬ ነበር።"

"አባዬ ደህና ነህ?"

"ዛሬም ደወልኩ።"

ከዚያ ከግንቦት ስድስት ማታ፦ "ሴት ስለሆነች ነው ዝም ያልከው? ወንድ እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ግን እንደዚህ ትሆናለህ ብዬ አላሰብኩም።"

ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም የለም። የመጨረሻው ከሰኔ መጨረሻ ነው፦ "ክርስትናዋ ሐምሌ 9 ነው። እስካሁን ሚሚ እያልናት ነው፤ ስም አላወጣንላትም። እስከዚያ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ እኔው አወጣላታለሁ።"

ለሴት ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው። እኔ በአርባው ነጠላ ለብሼ የተቀመጥኩት ለሌለ ወንድ ልጅ ነው። አራት እልልታ ሰማሁ ብዬ! ጁባ ሆቴል ውስጥ ያሉ ሴቶች ደስ ብሏቸው እልል ሲሉ ማን ቆጥሩ አላቸው?

ደወልኩ። ጠራ። ፊቷ መጣ፤ ከስታለች።

"ሊዱ፣ ሰዓቱን ነካክቼው ነው" አልኳት።

"ምኑን?"

"በእኛ አቆጣጠር አድርጌው ነበር። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት። አንቺ ስትደውዪ እኔ የለሁም፤ ሌላ ዓመት ላይ ነኝ። ሴት መሆኗን ዛሬ ነው ያወቅኩት። ከሴትነቷ ጋር ምንም የለኝም ልጄ፣ በእናትሽ አጥንት!"

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። "አባዬ፣ እኔ እኮ የጠላሃት መስሎኝ ነበር" አለች። እኔም "ይቅር በይኝ" አልኳት። ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ መናገሩ እንደፈራሁት አልከበደም።

ሕፃኗ ተኝታ ነበር። ነቅታ ሳያት ነው ስም የማወጣው አልኩ።


ሐምሌ 9

ሐጀራን ወደ ቤቴ ጠራኋት። "ሕፃኑ አያቱን ቁርጥ" እያልኩ ስዋሻት የከረምኩትን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ነገርኳት። "አውቄ ነበር አባባ" አለችኝ። "ካርድ ሲገዙ ፊትዎ ያስታውቃል።" ሱቋን ለልጇ ትታ መጣች።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ደወሉ። ሊዲያ ሕፃኗን ነጭ በነጭ አልብሳ ወደ ማሽኑ አስጠጋቻት። ልጅቷ ነቅታለች። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። እኔም አየኋት። ግንባሯ የአቻምየለሽ ነው፤ አልዋሽም፣ ያ ስም ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። ሊዲያም እሱን እየጠበቀች መሆኗን ከንፈሯን ነክሳ ስትቆይ አወቅኩ። ከዚያ ልጅቷ አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋችና፣ እኔን እንደ ተራ አሽከር ቆጥራ ፊቷን አዞረች።

"ልዕልት" አልኩ።

"የእማዬን ስም የምትሰጣት መስሎኝ ነበር" አለች ሊዲያ ቀስ ብላ።

"እናትሽ ስሟን ይዛ ሄዳለች። ይቺ ገና መምጣቷ ነው። ወደኋላ አላስቀምጣትም።"

ሊዲያ ራሷን ነቀነቀች። ቀነኒሳ ከኋላ "ልዕልት ቀነኒሳ!" ብሎ ጮኸ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ያቀልጡት ጀመር። ከጎኔ ሐጀራም ተነሥታ እልል አለች፤ ቤቱ ተናወጠ፤ ታች ድረስ ተሰማ። ያቺ ብቻቸውን ያወራሉ ያለችው ሴትዮ ሳትቀር ከበሯ ወጥታ "ምን ተገኘ?" እያለች እልልታውን እየተቀበለች ነበር።

"ለሴት ስንት ጊዜ ነበር አባባ?" አለችኝ ሐጀራ ትንፋሽ አጥሯት።

"እንጃ" አልኳት። ቀጠለች። እኔም አልቆጠርኩም።